በቤት ወርክሾፕ የሚታጠፍ ምላጭ ለመሥራት፦ ባሌስትራ ይሆናል ወይስ ሌላ ብረት?

የሆጤው (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። እጀታው ውስጥ የሚታጠፍ የፂም ምላጭ ከጥሬ ብረት ጀምሬ በእጄ ለመሥራት እየተሰናዳሁ ነው። ሞርሳ፣ 150 ሚሊ ሜትር ድንጋይ ያለው የጠረጴዛ ግራይንደር፣ የእጅ ግራይንደር፣ ትራፓኖ፣ ሞረዶች፣ ካሊፐርና በፀጉር ማድረቂያ የሚነፋ የከሰል ምድጃ አለኝ። ለብረት ያሰብኩት 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአይሱዙ ባሌስትራ ነው።

ባሌስትራ ለምላጭ ይበቃል ወይ? ጀርባው ስንት ሚሊ ሜትር ይሁን? ስለቱስ ወደ እሳት ከመግባቱ በፊት ምን ያህል ቢሳሳ ነው የማይሰነጠቀው? ማጥለቂያው ውሃ ይሁን ዘይት? ኦቨን የለኝም፤ ካጠነከርኩት በኋላ በምን ላለዝበው? መጨረሻ ላይስ በብርጭቆ ወረቀት ብቻ ተስሎ ፊት ላይ ሊውል ይችላል? ልኬት ያለው መልስ ባገኝ ደስ ይለኛል። "ቀላ ሲል አውጣና ንከረው" የሚለውን ብዙ ሰምቻለሁ፣ ምን ያህል ቀላ ሲል እንደሆነ ግን የሚነግር የለም።

ባለሞርሳ (ኮምቦልቻ)

ወንድምዓለም፣ ባሌስትራውን ለቢላና ለፋስ አስቀምጠው። ካርቦኑ ከ0.5 እስከ 0.65 በመቶ ቢሆን ነው። ተጎንብሶ እንዲመለስ ተብሎ የተሠራ ብረት ስለሆነ በቀላሉ አይሰበርም፣ ያ ግን ለምላጭ ብዙም አይጠቅምም። ምላጭ 16 ዲግሪ አካባቢ ተስሎ፣ ጫፉ በዓይን የማይታይ እስኪሆን ስሶ፣ ፂም ሲነካው ሳይታጠፍ መቆም አለበት። ለዚህ 1 በመቶ አካባቢ ካርቦን ያለው፣ ከተለዘበ በኋላም በሮክዌል (የብረት ጥንካሬ መለኪያ ነው) 60 እና ከዚያ በላይ የሚቆም ብረት ያስፈልግሃል። የባሌስትራ ምላጭ ስለት ያወጣል፣ ግን ቶሎ ይጥለዋል።

ለመጀመሪያ ሥራ የምመክርህ ጥሩ የድሮ ሞረድ ነው፤ 12 ኢንች ጠፍጣፋው ብዙ ጊዜ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፣ ይበቃሃል። ሥራ ከመጀመርህ በፊት ግን ፈትነው። አንዳንዱ ርካሽ ሞረድ ቆዳው ብቻ ጠንክሮ ውስጡ ለስላሳ ነው፣ እሱን ስታሳሳው የቀረህ ተራ ብረት ይሆናል። መነጽር አድርግ፣ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልለህ በሞርሳ ያዘውና በመዶሻ ምታው። ሁለመናው ጠንካራ ከሆነ እንደ ብርጭቆ ቀጭ ይላል፣ ስባሪውም ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ድቅቅ ያለ ግራጫ ነው። ጎበጥ ብሎ ከተሰበረ ወይም ዳር ዳሩ ሌላ፣ መሐሉ ሌላ ከመሰለ ተወው። ግራይንደር ላይ ስታስነካውም የብልጭታውን መልክ እይ፤ አጭር፣ ቅርንጫፉ የበዛና ጫፉ ላይ የሚፈነዳ ከሆነ ካርቦኑ ብዙ ነው፤ ረጅምና ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ከሆነ ካርቦኑ ትንሽ ነው።

እዚህ ኮምቦልቻ የከባድ መኪና ጋራዥ ስለበዛ ትልልቅ አሮጌ ኩሽኔታ በቀላሉ ይገኛል። የቦል ኩሽኔታ ቀለበት ብዙውን ጊዜ 1 በመቶ ካርቦንና 1.5 በመቶ ክሮሚየም ያለው ግሩም ብረት ነው። ችግሩ እሳቱ ላይ ነው፤ ለመጠንከር 830 ዲግሪ ገደማ ላይ ለብዙ ደቂቃ ሳይዋዥቅ መቆየት ይፈልጋል፣ ይህን በከሰል መያዝ ከባድ ነው። ሾጠጥ ያለ ሮለር የሚዞርበት ኩሽኔታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቆዳው ብቻ የጠነከረ ነው። ስለዚህ በሞረድ ጀምር።

አሁን ወደ ልኬቱ። ምላጭ ሲሳል ጀርባውም ስለቱም አንድ ላይ ድንጋዩ ላይ ይተኛሉ። እጅህ አንግል አይመርጥም፤ አንግሉን የሚወስነው የጀርባው ውፍረት ከምላጩ ስፋት ጋር ያለው ንጽጽር ነው። ይህን ዛሬ ካበላሸኸው በኋላ ድንጋይ ላይ የምታስተካክልበት መንገድ የለም። ሥሌቱ ቀላል ነው፦ ስፋቱን በ0.28 አባዛ። 19 ሚሊ ሜትር ስፋት (የጀርመኑ ዞሊንገንና የእንግሊዙ ሼፊልድ ምላጭ ሠሪዎች 6/8 ኢንች ብለው የሚሸጡት) ከሆነ ጀርባው 5.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ አንግሉም 16 ዲግሪ ይወጣል። ጀርባው ወደ ስፋቱ 0.25 ከወረደ 14 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ነው፣ ስለቱ ይፈረፈራል። ከ0.30 በላይ ከወጣ ከ17 ዲግሪ ያልፋል፣ ፂም ይጎትታል። አንድ ነገር አስተውል፤ ስለቱ እየተሳለ ስፋቱ ሲቀንስ ጀርባውም ድንጋዩ ላይ አብሮ ይበላል፣ ስለዚህ ንጽጽሩ ዕድሜውን ሙሉ ብዙ አይዛባም። ይህ የሚሆነው ግን ጀርባው ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት ከሆነ ብቻ ነው። ከተረከዙ (ስለቱ በእጀታው በኩል የሚያልቅበት) 5.3፣ ከጫፉ 4.9 ከሆነ ስለቱ በሁለት አንግል ይሳላል፣ አንዱ ወገን ሁልጊዜ ይደነዝዛል።

የስለቱ ርዝመት 75 ሚሊ ሜትር፣ ጅራቱ (ከተረከዙ ወዲያ ያለው ስለት የሌለው ክፍል) ከ65 እስከ 70። የመታጠፊያው ቀዳዳ ከተረከዙ 40 ሚሊ ሜትር ርቆ በ2 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይበሳ። መበሳት ያለበት ብረቱ ለስላሳ እያለ ነው፤ ከጠነከረ በኋላ ፑንታ አይገባውም።

ሞረዱን ለማለስለስ ማግኔት እስከማይዘው አግለውና ወዲያው ደረቅ አመድ ውስጥ ቅበረው፣ ሌሊቱን ይደር። ጠዋት በሴጌቶ ትቆርጠዋለህ። የሞረዱን ጥርስ እስከ መጨረሻው ጭረት ድረስ አጥፋ፤ "ለውበት ይቅር" የሚሉ አሉ፣ እጀታው የሚሸፍነው ጅራት ላይ ካልሆነ በቀር አትስማቸው፣ እያንዳንዱ ጥርስ ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ነው። የተረከዙንም ውስጠኛ ማዕዘን በክብ ሞረድ ቢያንስ በ2 ሚሊ ሜትር ራዲየስ አክብበው። ስለቱን 1 ሚሊ ሜትር አድርገህ ተው፤ ከ0.8 በታች ወርዶ ዘይት ከገባ እንደ ሞገድ ይዞራል። ሁለቱም ጎን እኩል መሞረዱን ለማወቅ ስለቱ ላይ መሐል መስመር ጭረህ ሥራ። በመጨረሻ በ220 ብርጭቆ ወረቀት በርዝመቱ አሽው፣ በስፋቱ የተጋረጠ ጭረት አይቅር።

ከሸዋ በር (ደሴ)

ባለሞርሳ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እሳቱን እኔ ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ምላጭ የሚሞተው እዚያ ነው።

ምላጩን በቀጥታ ከሰል ላይ አታስተኛው። ስስ የሆነው ስለት ከጀርባው ቀድሞ ይግላል፣ ነፋሱ በሚመታበት ቦታም ካርቦኑ ይቃጠላል። 40 በ40 ቱቦላሬ ቁረጥ፣ አንዱን ጫፍ በላሜራ በይደህ ዝጋ፣ ከሰሉ ውስጥ ቅበረው፤ ምላጩ የሚገባው በዚያ ውስጥ ነው። ቱቦላሬው ዚንክ የተቀባ አይሁን፣ የዚንክ ጭስ ያሳምማል። የፀጉር ማድረቂያውን ዝቅተኛው ፍጥነት ላይ አድርገው፤ ቱቦላሬው ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀለም እስኪይዝ ታገስ።

ከማጥለቅ በፊት ብረቱን ሦስት ጊዜ አሳርፈው። ማግኔት እስከማይዘው ታግለዋለህ፣ አውጥተህ ነፋስ በማይነካው ቦታ ተንጠልጥሎ እስኪጠቁር ትተወዋለህ፣ ትደግማለህ፤ በየዙሩ ሙቀቱን ትንሽ ቀነስ እያደረግክ። ይህ ሲቆረጥና ሲሞረድ የገባበትን ውጥረት ያወጣለታል፣ የብረቱን ቅንጣትም ያደቅለታል። ብዙ ሰው ይህን ይዘልና ሲጎብጥ ዘይቱን ያማርራል።

"ቀላ ሲል" ላልከው መልሱ ይሄውልህ። ብረት ማግኔት መሳቡን የሚያቆመው 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የሞረድ ብረት የሚፈልገው ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ከ790 እስከ 810 ነው። ቴርሞሜትር ከሌለህ የገበታ ጨው አለልህ፤ ጨው የሚቀልጠው 801 ዲግሪ ላይ ነው። ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ቁራጭ ብረት ላይ ቆንጠር አድርገህ ከምላጩ ጎን ቱቦላሬው ውስጥ አስገባ። ጨው መቅለጥ ሲጀምር ሙቀቱ ደርሷል ማለት ነው፣ ነፋሱን ቀንሰህ ሁለት ሦስት ደቂቃ እዚያው አቆየው። ጨዉን ምላጩ ላይ አታድርግ፣ ያዝገዋል። ቀለም ስታይ ደግሞ ቤቱን አጨልም፤ ፀሐይ ላይ የደበዘዘ የመሰለህ ብረት ጥላ ውስጥ ብርቱካናማ ሆኖ ታገኘዋለህ፣ ያኔ ቅንጣቱ አድጎ ስለቱ ይፈረካከሳል። ቤቱን አጨልም አልኩ እንጂ ዝጋ አላልኩም። ደሴ ብርድ ነው ተብሎ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሰው ይገድላል። በርና መስኮት ይከፈት።

ማጥለቂያው ዘይት ይሁን። ይህን ያህል ስስ ብረት ውሃ ውስጥ ከገባ አብዛኛውን ጊዜ ይሰነጠቃል። የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት 4 ሊትር፣ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሞቅ ያለ። ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ቀስ ብሎ ነው የሚወስደው፣ ሞቅ ሲል ይቀጥናል። የሚረጋውን የፓልም ዘይት ተው። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ጭሱ መርዝ ነው፣ ቶሎም አያቀዘቅዝም። ዕቃው የብረት ይሁን፣ ጥልቀቱ ከ25 ሴንቲ ሜትር አይነስ፣ ክዳኑ እጅህ አጠገብ ይቀመጥ፤ እሳት ከያዘ ክደነው እንጂ ውሃ አትድፋበት።

የሞረድ ብረት ጥቂት ጊዜ ነው የሚሰጥህ፤ በአንድ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ከ800 ወደ 540 ካልወረደ ሙሉ በሙሉ አይጠነክርም። ስለዚህ የዘይቱ ዕቃ ከምድጃው አጠገብ፣ እጅህ ብቻ ዞሮ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ጅራቱን በጉጠት ይዘህ ጫፉን ወደ ታች ቀጥ አድርገህ አስገባ። ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሰው እንጂ ወደ ጎን አታማስለው፤ ወደ ጎን ከሄደ አንዱ ፊት ቀድሞ ይቀዘቅዝና ይጎብጣል። "ቲክ" የሚል ድምፅ ከሰማህ ተሰንጥቋል።

ሲቀዘቅዝ በአዲስ ሞረድ ዳሰው። ሞረዱ ሳይነክስ ከተንሸራተተ ጠንክሯል። ከነከሰ ቶሎ አትደንግጥ፤ እሳት የበላው ቆዳ ሊሆን ይችላል፣ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ፍቀህ ድገመው። ከሥሩም ከነከሰ መልሰህ ማጥለቅ ነው። ጀርባው ከስለቱ ትንሽ ለስለስ ቢል ችግር የለውም።

ማለዘቡ ለነገ አይባልም። ከዘይት የወጣ ምላጭ በውጥረት የተሞላ ነው፣ ሌሊት ተቀምጦ ሊሰነጠቅ ይችላል። ወፍራም ድስት ደረቅ አሸዋ ሞልተህ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጣድ፣ ምላጩን አሸዋው መሐል አስተኛ፣ የምግብ ቴርሞሜትር አጠገቡ ትከል። ከ190 እስከ 200 ዲግሪ፣ አንድ ሰዓት፣ አውጥተህ አቀዝቅዘህ እንደገና አንድ ሰዓት። የኤሌክትሪክ ምጣድም በትሪ ሙሉ አሸዋ ከተጫነበት ይሠራል፤ ሸክላው ሙቀቱን ቀስ ብሎ ነው የሚለውጠው፣ መብራት እልም ቢል እንኳ ለጥቂት ጊዜ ይይዘዋል። ከመጀመርህ በፊት ጀርባው ላይ ትንሽ ቦታ አብራ፤ ሲወጣ ፈዛዛ የገለባ ቀለም ከያዘ ልክ ነው። ሰማያዊ ከሆነ አልፏል፣ ከማጥለቁ ትጀምራለህ።

የስለት ነገር (ኮምቦልቻ)

ሰላም ብያለሁ። ከእሳት በኋላ ያለውን እኔ ልውሰድ።

ከ1 ሚሊ ሜትር ወደ 0.25 የምታወርደው ብረቱን ሳታቃጥል ነው። ግራይንደር ላይ ጓንት አታድርግ፤ ጣትህ መታገስ እስኪያቅተው ሳይደርስ ውሃ ውስጥ ንከረው፣ ስስ ከሆነ በኋላ በእያንዳንዱ ማስኬድ። የደነዘዘና ያብረቀረቀ ድንጋይ ከመብላት ይልቅ ያግላል፣ ፊቱን በየጊዜው አድሰው። ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ የታየበት ቦታ ለስለሷል፣ በብርጭቆ ወረቀት ብታጠፋው ቀለሙ እንጂ ጉዳቱ አይሄድም።

የ150 ሚሊ ሜትር ድንጋይህ በ14 ሚሊ ሜትር ፊት ላይ በየጎኑ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ጉድጓድ ያወጣል። ለመጀመሪያ ምላጭ ይህ በቂ ነው። እንደ ዞሊንገን ምላጭ እንደ ወረቀት አሳሳዋለሁ አትበል፤ የድሮዎቹ የሼፊልድ ምላጮች ብዙዎቹ ሽብልቅ ቅርፅ ነበራቸው፣ ደህና አድርገው ይላጫሉ። ድንጋዩ ጀርባውን እንዳይነካ ተጠንቀቅ። ከ0.25 በኋላ ያለው የእጅ ሥራ ነው፦ ብርጭቆ ወረቀት በክብ እንጨት ላይ ጠቅልለህ 220፣ 400፣ 600፣ 1000።

ለመሳል፣ ጀርባው ላይ አንድ ድርብ ናስትሮ ለጥፍ። 6 ሚሊ ሜትር መስታወት ላይ 1000 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት አርጥበህ አጣብቅ፤ ሥሩ አረፋ ካለ ስለቱ ወረቀቱን ይቆርጠዋል፣ ስለቱም ይከብባል። የስለቱን ዳር በማርከር ቀባ። ቀለሙ ከተረከዝ እስከ ጫፍ በሁለቱም ጎን እኩል እስኪጠፋ ከ1000 አትውጣ። ችኮላ የሚያበላሸው እዚህ ነው፤ 1000 ላይ ያልተገናኘ ስለት 8000 ላይ አይገናኝም። በጉልህ መነጽር ከላይ ቀጥ ብለህ እየው፣ ብርሃን የሚያብለጨልጭ ነጥብ ካለ እዚያ ገና ነው። የተሳለው ዳር ስፋት 1 ሚሊ ሜትር ካለፈ ከጀርባው ያለው ብረት ከ0.28 ሚሊ ሜትር ይወፍራል ማለት ነው፤ ወደ ማሳሳት ተመለስ።

በብርጭቆ ወረቀት ብቻ ላልከው፣ አይሆንም። የ2500 ቁጥር ቅንጣት 8 ማይክሮን ገደማ ነው፣ ፊት ላይ ይጎትታል፣ ይቧጭራል። ከ2500 በኋላ 8000 ቁጥር ድንጋይ ወይም 1 ማይክሮን ማለስለሻ ፊልም ያስፈልጋል። ከዚያ ቆዳ ላይ የተቀባ አረንጓዴው ክሮሚየም ኦክሳይድ ከ10 እስከ 20 ጊዜ፣ ከዚያ ንጹሕ ቆዳ 50 ጊዜ። ድንጋይ ላይ ስለቱ ይቀድማል፣ ቆዳ ላይ ጀርባው። ጫናው የምላጩ ክብደት ብቻ ነው፤ ከተጫንክ ቆዳው ይጎድጉድና ስለቱን ያከብበዋል። ቆዳውን ስትገዛ በእጽዋት የተለፋ የከብት ቆዳ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ብለህ ጠይቅ። ለጫማ ፊት የሚሆነው ለስላሳ ቆዳ ይለጠጣል፣ ለዚህ አይሆንም።

የሆጤው (ደሴ)

አላህ ይስጣችሁ፣ ባሌስትራውን ትቼዋለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ከዘይት ሲወጣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ቢጎብጥ ይቃናል ወይስ እንደገና ማጥለቅ ነው? እጀታውንስ ከበሬ ቀንድ ላድርገው ብዬ ነበር፤ ቀንዱን ቀቅዬ ባቃናው ቶሎ ይመለሳል ይሉኛል።

ከሸዋ በር (ደሴ)

አብሽር፣ ይቃናል። በመዶሻ እንዳትነካው ብቻ። ከዘይት እንደወጣ ገና ለእጅ የሚያቃጥል እያለ ወፍራም ጓንት አድርገህ በሁለት ጠፍጣፋ ብረት መሐል ሞርሳ ውስጥ ማጥበቅ የመጀመሪያው ዕድል ነው። ያ ካለፈ በማለዘቡ ጊዜ አቃናው፦ ምላጩን ቀጥ ያለ አንጎላሬ ላይ በሁለቱ ጫፍ እሰረው፣ በመሐል ከጉብጠቱ ተቃራኒ 1 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲያልፍ በስስ ላሜራ ደግፈው፣ እንደታሰረ አሸዋው ውስጥ ይግባ። ቀዝቅዞ ሳለ አታስገድደው፣ ቀስ እያልክ በሁለተኛው ዙር ጨምር። 0.2 ከሆነ የቀረው በማሳሳቱ ይጠፋል።

ስለ ቀንዱ፣ ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቀንድ በደንብ የሚታዘዘው ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው፣ የተቀቀለው በግማሽ ልብ ይቃናና ይመለሳል። ቀቅለህ ካራስከው በኋላ ፍም ላይ ራቅ አድርገህ እያገላበጥክ አሙቀው፤ የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተህ አርቀው። ከዚያ በሁለት ጠፍጣፋ ብረት መሐል አጥብቀህ ፍጹም እስኪቀዘቅዝ አትፍታው። ከመቁረጥህ በፊት ለሳምንታት ይድረቅ።

ንጹሕ እጅ (ደሴ)

አንድ ነገር ላስገባ። ይህ ምላጭ የአንድ ሰው ብቻ ይሁን። ለፀጉር ቤት ወይም ለጎረቤት የሚዋስ አይደለም፤ ኤችአይቪም ሆነ የጉበት ቫይረስ በደም የነካ ስለት ይተላለፋል፣ ውሃ ማፍላት ደግሞ ለማምከን አያስተማምንም። የቀንድ እጀታውም የማምከኛ ማሽን ሙቀት አይችልም። ለፀጉር ቤት የሚሆነው ስለቱ በየሰው የሚቀየረው ነው።

ባለሞርሳ (ኮምቦልቻ)

ልክ ብለሃል።

የእጀታው ልክ 150 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ እያንዳንዱ ፊት 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት። ለሪቬቱ ከብየዳ ዕቃ መሸጫ 1.6 ሚሊ ሜትር የናስ መበየጃ ዘንግ ግዛ፤ ዱቄት ከተቀባ ፍቀው። በታችኛው ጫፍ በሁለቱ ፊት መሐል ወደ ውስጥ እየሳሳ የሚሄድ ሽብልቅ ይገባል፤ እሱ ነው ፊቶቹን ወደ ውጭ ለጠጥ አድርጎ ምላጩን በመሐል የሚይዘው። መጀመሪያ ሁሉንም በቀጭን ሽቦ አስረህ ክፈት ዝጋ፣ ስለቱ የትኛውንም ጎን ወይም ሽብልቁን ከነካ ሽብልቁን ሞርደህ አስተካክል። ከተቀጠቀጠ በኋላ ማረም ሪቬቱን ቆፍሮ ማውጣት ነው።

ሪቬቱ ከሮንዴላው በላይ 0.8 ሚሊ ሜትር ይትረፍ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ይጣመማል። በ100 ግራም መዶሻ ቀለል አድርገህ ዙሪያውን ምታ፣ በየጥቂቱ አገላብጥ፤ አንድ ከባድ ምት ቀንዱን ይሰነጥቀዋል። ምላጩ ተከፍቶ ወደ ጎን ሲያዝ በራሱ ክብደት ካልወደቀ፣ በአንድ ጣት ሲገፋ ግን ከሄደ ጥብቀቱ በቅቷል። ከተላጨህ በኋላ መታጠፊያው ውስጥ ያለውን ውሃ በደረቅ ጨርቅ አውጣና የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ጨምር። የምግብ ዘይት አትቀባ፣ እየቆየ ይሞጭልጋል።